«ዝናብ ነው» ያለው ሰው

ናርዶስ ወንደሰን ሁለተኛውን መዝሙር አልጨረሰችም።

የ2009 ዓ.ም. የገና ጠዋት ነበር። ጂንካ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች ትንሽ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት፣ የሕፃናት መዘምራን መድረኩ ላይ በሁለት ረድፍ ቆመው ይዘምራሉ። የስምንት ዓመቷ ናርዶስ አዲስ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከፊተኛው ረድፍ መሀል ቆማለች። መጀመሪያ ላብ አጠመቃት። ቀጥሎ ዓይኗን ደጋግማ ጠረገች፤ ሰው ሁሉ መንፈስ ነክቷት የምታለቅስ መሰለው። ከዚያ አፏ ምራቅ ሞላና መዝሙሩ ተቋረጠባት፤ ጉልበቷ ተልፈስፍሶ በፊቷ ተደፋች።

አባቷ ወንደሰን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከመንገድ የገባው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ስለነበር፣ ቤቱ ሳይደርስ ልጁ ስትዘምር ለማየት በቀጥታ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሰዉን ገፍቶ አለፈና አነሳት። ደረቱ ላይ አጣብቋት እየሮጠ ወጥቶ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሆስፒታል ሲደርሱ ትተነፍስ ነበር። ቀትር ሳይሆን አረፈች።

ኢንስፔክተር አስካለ ከበዓል ማዕድ ላይ ተጠርታ መጣች። አያቶቿ ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ ግን ጂንካ ተወልዳ፣ ከአሪ ልጆች ጋር አፈር ፈጭታ፣ አሪኛውንም አማርኛውንም አቀላጥፋ አድጋለች። በፖሊስነት ብዙ ዓመት ብትሠራም የሕፃን ሬሳ ማየት አልለመደችም።

ዶክተር ሩሐማ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። ወጣት ናት።

«በሽታ አይደለም» አለች። «የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሎ ነበር። ላቡ፣ ምራቁ፣ የጡንቻዋ መንዘፍዘፍ ሁሉ የፀረ ተባይ መርዝ ምልክት ነው። ሰብል ሲረጩ የተመረዙ ገበሬዎች ሲመጡ አየዋለሁ። ማርከሻውን ሰጠናት፤ ግን መርዙ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ ቆይቷል መሰለኝ።»

«ማን ሰጣት? በምን ገባ?»

«እሱን አላውቅም። ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል፤ ውጤቱ ቶሎ አይደርስም። እኔ መርዝ መሆኑን ነው የምነግርዎት።»

አስካለ በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አየች። ነጭ አንሶላ፤ ከሥሩ አጭር ገላ።

«የስምንት ዓመት ልጅ በገና ቀን ራሷን አትገድልም» አለች።

«ለዚህ ነው ያስጠራሁዎት» አለች ሩሐማ።

*

የወንደሰን ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። የናርዶስ ወላጅ እናት ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። የእናቷ እኅት መስከረም ግቢው መሀል ላይ ቆማ ደረቷን ትደቃለች።

«እሷ ናት! እንጀራ እናቷ ናት! የራሷን ልትወልድ የእኅቴን ልጅ ከመንገዷ አነሳቻት!»

እንጀራ እናቷ ለሊሴ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ወንደሰን ለሥራ ያቤሎ ሲመላለስ አግኝቶ ያመጣት የቦረና ልጅ ናት፤ ጂንካ ውስጥ የኔ የምትለው ዘመድ የላትም። አስካለ በሩን ዘግታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ዛሬ ጠዋት ምን በላች?»

«ጨጨብሳ።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ። እኔም በልቻለሁ። ከአንድ ሳህን።»

«ስትበሉ ያየ ሰው አለ?»

«ማን ያያል? ሁለታችን ብቻ ነን።»

«ትናንት ማታስ?»

«ማታ አልበላም አለች። ደስ ብሏት ነው። አዲሱን ቀሚስ ካልለበስኩ አልተኛም አለች። ይጨማደድብሻል አልኳት፤ አልሰማችም። ለብሳው አደረች።» ለሊሴ ከንፈሯን ነከሰች። «ማታ ሁለቴ ነቃች። አላበኝ፣ ራሴን አመመኝ አለችኝ። የበዓል ጉጉት ነው ብዬ ውሃ ሰጠኋት።»

ከአስካለ ጋር የመጣው ሳጅን ሻንቆ ከቆጡ ላይ አንድ ጠርሙስ በፌስታል ይዞ ወረደ። የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ ግማሹ ጎድሏል።

«ለበቆሎው ነው» አለች ለሊሴ። «አዝመራው ሲገባ ወንዴ ራሱ ነው የረጨው። ጠይቁት።»

ወንደሰን በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ሸሚዙን ቀይሯል፤ ፀጉሩ ገና ከውሃ እንደወጣ ሰው እስከ ሥሩ ርሷል። አስካለ ዞረችበት።

«እውነቷን ነው? አንተ ነህ የረጨኸው?»

ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«አላስታውስም» አለ።

ለሊሴ ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም፤ አልተከራከረችም። እንደማታውቀው ሰው አየችው እንጂ።

ደጅ የቆመው ሰው ድምፁ ከፍ እያለ ሲመጣ፣ አስካለ ለሊሴን በጓሮ በር አስወጥታ ፖሊስ መኪና ላይ አሳፈረቻት። መንገድ ላይ ሻንቆ፣ «ገዳይዋን አገኘናት ማለት ነው?» አላት።

«ልጅቷ ማታ ነው ያመማት፤ ጨጨብሳውን የበላችው ጠዋት ነው» አለች አስካለ። «ማታ ደግሞ ምንም አልበላችም። ይሄ ከየት ይገጥማል? ያሰርኳት ግቢው ውስጥ ብተዋት በሕይወት ስለማላገኛት ጭምር ነው።»

*

ከመዘምራኑ አንዷ ሕፃን፣ «ጋሼ ኤልያስ ለልምምድ ስንሄድ ጁስ ሰጥቶን ነበር» አለች።

ኤልያስ የመዘምራኑ አሠልጣኝ ነው። ከሰል የመሰለ ፂም ያለው፣ ለስላሳ ሰው። በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አሰልጥኖ ከቢጫ ጀሪካን የተበጠበጠ ጁስ አጠጥቷቸዋል። ጀሪካኑ የት እንዳለ ሲጠየቅ ተደነባበረ።

«ጠፋ። ሰው ወሰደው መሰለኝ።»

ሻንቆ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ካለው የቆሻሻ ጉድጓድ፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ አገኘው። አስካለ ጀሪካኑን ኤልያስ ፊት አስቀመጠችው።

«የሚጠፋ ዕቃ ቅጠል አይለብስም፣ ወንድሜ።»

ኤልያስ እጁን በጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «የማን ጀሪካን እንደነበር አላውቅም። ከገበያ ነው የገዛሁት። አጥቤዋለሁ፤ በእግዚአብሔር ፊት ሦስቴ አጥቤዋለሁ። ልጅቷ በመርዝ ሞተች ሲባል ስሰማ፣ ምናልባት ቀድሞ መርዝ የነበረበት ይሆን ብዬ ነፍሴ ወጣች። ገድያት ይሆን? ንገሩኝ፣ ገድያት ይሆን?»

አስካለ ከሻንቆ ጋር መዘምራኑን ቤት ለቤት ዞረች። ሁሉም ከዚያ ጀሪካን ጠጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ደግመዋል። ሆዱን እንኳ የቆረጠው የለም። አስካለ ወደ ኤልያስ ተመልሳ፣ «አንተ አይደለህም» ስትለው፣ ሰውየው ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። መንገዱ በፖሊስ ጣቢያው በኩል ያልፋል። ለሊሴ የመዘምራኑን ድምፅ ስትሰማ የእስር ክፍሉን በር ይዛ ቆመች።

«ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ነው» አለች አስካለ።

«ውሰጂኝ። እጄን እሰሪውና ውሰጂኝ። ከሩቅ ልይ።»

«ሰዉ አይምርሽም፣ ልጄ። አልችልም።»

መዝሙሩ እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ለሊሴ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆየች።

*

አመሻሹ ላይ አስካለ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄደች። ሐዘንተኛ መስላ ሳይሆን አዝና ነው የሄደችው። መስከረም ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ፣ ከሆስፒታል የተመለሰውን ሰማያዊ ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛ ታለቅስበታለች። ፊቷን ውስጡ ቀብራ ትስመዋለች፤ እንባዋን ትጠርግበታለች።

«ናርዲዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠግቢው! ናርዲዬ፣ ጌጥሽ ቀረ!»

ወንደሰን ከወንዶቹ በኩል ድንገት ብድግ አለ።

«አቃጥሉት አልኩ!» ብሎ ጮኸ። «ያንን ልብስ ከቤቴ አውጡ! አቃጥሉት!»

ዘመዶቹ ይዘው አስቀመጡት። «አንጀቱ አልችል ብሎት ነው» ተባባሉ ሴቶቹ። አስካለም እንደዚያው አሰበች። መስከረም ግን ቀሚሱን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ጠበቀችው። እቅፏ ውስጥ አድርጋው አደረች።

በማግስቱ ጠዋት መስከረም ስታስመልስ፣ ስትንዘፈዘፍ፣ አረፋ ስትደፍቅ ሰዎች በቃሬዛ ሆስፒታል አመጧት። ሁሉም ሐዘን ጣላት አለ። ሩሐማ የዓይኗን ሽፋን ገልጣ አየችና ወዲያው ወደ አስካለ ስልክ ደወለች።

«ኢንስፔክተር፣ ያው መርዝ ነው።»

አስካለ ስትደርስ መስከረም ማርከሻውን ተወግታ ተኝታለች። ትተርፋለች።

«ምን በላች?» አለች አስካለ።

«ከቀብሩ ወዲህ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም ይላሉ። ውሃውን ሌሎቹም ጠጥተዋል።»

«ለሊሴ ደግሞ ታስራለች።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ሌላም አለ» አለች ሩሐማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከጂንካ ወጣ ብላ ካለችው ከገዘር የመጣ የስድስት ዓመት ልጅ። ከገና በፊት ተመሳሳይ ነገር አሞት መጣ፤ አባቱ የበቆሎ መድኃኒት ነክቶ ይሆናል አለ፤ አጥበን፣ አክመን፣ ድኖ የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሄደ። ዛሬ ንጋት ላይ እንደገና አመጡት። ከመጀመሪያው ብሶበታል። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ቀብሬዋለሁ ይላል አባቱ።»

አባትየው ዶላሞ ይባላል፤ ገበሬ ነው። ልጁ አልጋ ግርጌ ላይ ባርኔጣውን ጨብጦ ተቀምጧል። አስካለ በአሪኛ አናገረችው፤ ትከሻው ትንሽ ወረደ።

«ድኖ ስትወስደው ምን አበላችሁት?»

«ወተት። ወተቱን ታናሹም ጠጥቷል፤ እሱ ደኅና ነው።»

«የት ተኛ?»

«ከታናሹ ጋር፣ አንድ ቁርበት ላይ።»

«ታናሹ የሌለው፣ እሱ ብቻ ያለው ነገር ምንድን ነው?»

ዶላሞ አሰበ። «ምንም። ሁለቱም እኩል ናቸው። ሱሪው ብቻ ናት። ትምህርት ቤት ስለገባ ለበዓል ሱሪ ገዛሁለት። የዚያን ጊዜም ለብሷት ነበር የመጣው። ሆስፒታል ውስጥ አውልቀው በፌስታል ሰጡኝ። ሲድን 'አባባ፣ ሱሪዬን' አለኝ። አለበስኩትና ወደ ቤት ወሰድኩት። ትናንትም ለብሷት ዋለ።»

አስካለ ግድግዳውን ተደገፈች። የለበሰችውን ሳታወልቅ ያደረች ልጅ ታየቻት። ቀሚሱን ስትስም ያደረች አክስት ታየቻት።

«ዶክተር» አለች፤ «መርዝ በአፍ ብቻ ነው የሚገባው?»

ሩሐማ ፊቷ ነጣ። «በቆዳም ይገባል። የሚረጩት ሰዎች እኮ የሚመረዙት በቆዳቸው ነው። ደግሞ የላበ ገላ ይበልጥ ይስባል።» ከአልጋው ሥር ዛሬ ያወለቁለትን ሱሪ የያዘውን ፌስታል አንስታ፣ ጓንት አድርጋ ከፈተችውና ፊቷን አዞረች። ነጭ ሽንኩርት የሚመስል፣ ግን ያልሆነ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ወጣ።

«የአዲስ ልብስ ሽታ መስሎኝ» አለ ዶላሞ ቀስ ብሎ። «ልጄም ሽታውን ወዶት ነበር።»

«ሱሪውን ከማን ገዛህ?»

«ጂንካ ገበያ። ተፈሪ ሱቅ።»

አስካለ ጣቢያ ደውላ ለሊሴን አስጠራች። «የናርዶስን ቀሚስ ከየት ነው የገዛሽው?»

«ተፈሪ ሱቅ» አለች ለሊሴ። «ቅናሽ ነው ሲሉ ሰምቼ።»

*

ተፈሪ ሱቁ ውስጥ የሕፃናት ካልሲ ያጥፋል። ፖሊሶቹን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ሻንቆ በሩን ሲዘጋ ፈገግታው ጠፋ።

«ለበዓል ያመጣኸው የልጆች ልብስ፣ ምን ነክቶት ነበር?» አለች አስካለ።

«ምንም! ጥሩ ዕቃ ነው።»

«ጥሩ ዕቃ በበዓል ሰሞን ለምን በቅናሽ ይሸጣል?»

ተፈሪ ምራቁን ዋጠ። «ልብሱ ከመጣባቸው ማዳበሪያ ከረጢቶች አንዱ ርሶ ነው የደረሰኝ። ልብሱ ላይ ቢጫ ነገር ነበረበት። ጓሮ ገመድ ላይ አሰጣሁት፤ ደረቀ። ተኮስኩት፤ አማረ። ሽታ ቢጤ ነበረው። ሽቶ ነፋሁበት።»

«አላጠብከውም?»

«ከታጠበማ ማን አዲስ ነው ብሎ ይገዛል?»

«አንተስ ምንም አልተሰማህም?»

«ስተኩስ ራሴን አመመኝ፤ ዓይኔ አለቀሰ። የከሰሉ ጭስ መሰለኝ። ኢንስፔክተር፣ ምንድን ነው እሱ? ሾፌሩን ጠይቄው ነበር። ዝናብ ነው አለኝ። ከኮንሶ ወዲህ ዝናብ መታን፣ ሸራው ቀዳዳ ነበረው አለኝ። አመንኩት!»

ሻንቆ አቋረጠው። «የቱ ዝናብ? እኔ የተሰረቀ ከብት ጉዳይ ይዤ እዚያው ከኮንሶ ወዲህ አርቦሬ ቆይቼ ነው ለበዓሉ የተመለስኩት። ምድሩ ተሰነጣጥቋል። ሰዎቹ ውሃ ፍለጋ ከብት ይዘው ይንከራተታሉ። ከመስከረም ወር ወዲህ ጠብታ አልወረደም።»

«ማነው ሾፌሩ?» አለች አስካለ።

ተፈሪ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሻንቆን አየ።

«አላወቁም እንዴ? ያው ወንደሰን ነው። የልጅቷ አባት።»

ለተፈሪም ዘግይቶ ገባው፤ እጁ ውስጥ የነበረው ካልሲ ወደቀ።

«እኔ ነኝ ቀሚሱን ለልጁ የሸጥኩት?» አለ።

*

አስካለ መጀመሪያ ወደ ወንደሰን አልሄደችም። ልብሱ በየቤቱ አለ። ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ጸሎት ቤቶቹ፣ ደብሩ፣ ሁሉም በድምፅ ማጉያ ተናገሩ፤ «ከተፈሪ ሱቅ ለገና የልጆች ልብስ የገዛችሁ፣ ከልጁ ገላ አውልቁ፤ ልጁን በሳሙና እጠቡ፤ ልብሱን በእጃችሁ አትንኩ፤ በፌስታል አድርጋችሁ ጣቢያ አምጡ።» ሻንቆ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ በአሪኛ እየደጋገመ ዞረ። ተፈሪ ያስታወሰውን ሁሉ እያለቀሰ ተናገረ። እስከ ቀትር ድረስ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ፌስታል አንጠልጥለው ጣቢያው በር ላይ ተሰለፉ። የታመሙ ነበሩ፤ ሩሐማ ተቀበለቻቸው። ከዚያ ወዲህ የሞተ የለም። ከአንድ ቀሚስ በቀር ሁሉም ተገኘ።

ወንደሰንን ነሪ ወንዝ ዳር አገኘችው። መኪናውን ውሃው አፋፍ ላይ አቁሞ የጭነት ሳጥኑን በብሩሽ ይፈትጋል። እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ተው» አለችው አስካለ። «ከዚህ በታች ሰው ውሃ ይቀዳል።»

ብሩሹን ጣለው። ዞሮ ሲያያት የመጣችበትን ያወቀ ይመስል ነበር።

«ዝናቡ የት ነበር የመታህ?»

መኪናው ጎማ ሥር ቁጭ አለ።

«ወይጦ አጠገብ ላለ የጥጥ እርሻ የተባይ መድኃኒት ጭኜ ነበር፤ በጀሪካን። የተፈሪ ልብስ ከሥሩ ነበር። ኮረኮንቹ ላይ አንዱ ጀሪካን ተሰነጠቀ። እርሻው ደርሼ ሳወርድ ነው ያየሁት፤ የልብሱ ከረጢት መጥጦታል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ባለመኪናው መርዝና ሸቀጥ አንድ ላይ እንዳትጭን ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ። ይደርቃል አልኩ። ዱቄት ቢሆን እኮ እናገር ነበር፣ ኢንስፔክተር! ስኳር ቢሆን እናገር ነበር! ጨርቅ ነው። ጨርቅ ሰው ይገድላል ብሎ ማን ያስባል? ካራገፍኩ በኋላ ሌላ ጭነት ይዤ ወጣሁ፤ ለሊሴ ከሱቁ ቀሚስ መግዛቷን አልሰማሁም።»

«መቼ ዐወቅህ?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ባጃጁ ውስጥ። ደረቴ ላይ ተኝታ። አንገቷ ሥር ስስማት ሸተተኝ። ያ ሽታ። መኪናዬ ላይ የነበረው ሽታ ከልጄ ገላ ሸተተኝ።»

«ለዶክተሯ አልነገርካትም።»

«አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ሞተች። ከሞተች በኋላ ደግሞ... መስከረም 'እሷ ናት' ብላ ስትጮህ ዝም አልኩ። ዝም ስል ጊዜ እውነት እየመሰለኝ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆንልኝ ፈለግሁ። ማንም ይሁን፤ እኔ ብቻ አልሁን።» ቀና አለ። «ብናገር ትተርፍ ነበር?»

አስካለ ወንዙን አየች። ልታጽናናው ትችል ነበር፤ ልታደቅቀውም ትችል ነበር።

«አላውቅም» አለች። «ዶክተሯ መርዝ መሆኑን ያላንተም ዐውቃ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ለብሳው ስላደረች ምናልባት አትተርፍም ነበር። የገዘሩ ልጅ ግን ዳግመኛ ሱሪውን የለበሰው አንተ ዝም ካልክ በኋላ ነው። መስከረምም ቀሚሱን አቅፋ ያደረችው አንተ ዝም ካልክ በኋላ ነው። ሚስትህም ያለ ኃጢአቷ በር ይዛ የልጇን ቀብር ያደመጠችው ያን ጊዜ ነው።»

ተነሥቶ እጆቹን ዘረጋላት። ሻንቆ ካቴናውን ሲያስገባለት አልተንቀሳቀሰም።

*

ለሊሴ ሁሉንም ቆማ ሰማች። አስካለ ወንበር ብትስብላትም አልተቀመጠችም።

«እኔ ነኝ የገዛሁት» አለች። «እኔ ነኝ ያለበስኳት። ሽታውን ሸትቼዋለሁ። አዲስ ነው ብዬ ነው። ማታ አላበኝ ስትለኝ አውልቂው ብላት...»

«አታውቂም ነበር።»

«አላውቅም ነበር» አለች ለሊሴ። ቃሉ ምንም እንዳላቀለላት ፊቷ ላይ ይታያል። «ሌሎቹ ልብሶች ተገኙ?» ስትል ጠየቀች።

«አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ቀርቷል። ተፈሪ ማን እንደገዛችው አያስታውስም።»

«እኔ ዐውቃታለሁ። አጠገቤ ቆማ ነው የገዛችው፤ እየተመካከርን ነው ልኩን የመረጥነው። አብነት ትባላለች፤ ገዘር ገበያ ቆጮ ትሸጣለች። ልጄን ለእኅቷ ሰርግ ነው የማለብሳት ብላኝ ነበር።» ዓይኗ ፈጠጠ። «ሰርጉ በዚህ ቅዳሜ ነው።»

ወዲያው አስካለና ሻንቆ ለሊሴን ይዘው ወደ ገዘር ወጡ። አብነት ቤቷ ደጃፍ ላይ ነበረች። የድምፅ ማጉያውን ወሬ ሰምታለች፤ ግን ቀሚሱን ከሣጥን አውጥታ ለመስጠት እጇ አልታዘዘላትም።

«ገና አላለበስኳትም እኮ» አለች። «አጥበዋለሁ። ሁለቴ፣ ሦስቴ አጥበዋለሁ።»

«ቢታጠብም አይለቅም ብላለች ሐኪሟ» አለች አስካለ።

«ለልጄ አዲስ ልብስ ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው። በሰርግ ቀን ምን ላልብሳት? ሕግ ካላችሁ እሰሩኝ!»

አስካለ ልትመልስ ስትል ለሊሴ ቀደመቻት።

«ታስታውሽኛለሽ?» አለች። «አብረን ነው የመረጥነው። 'የኔን ልጅ ትንሽ ይሰፋታል፣ ታድግበታለች' ብለሽኝ ነበር።»

አብነት አየቻት። ማን እንደሆነች ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያቺ ልጅ... ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት» አለች ለሊሴ። «ጨርቅ መርዝ ይጠጣል፣ እኅቴ። ልጅ ደግሞ የጨርቁን ትጠጣለች። ስጪኝ።»

አብነት ወደ ውስጥ ገብታ ቀሚሱን በፌስታል ይዛ ወጣች። እያለቀሰች ነበር። ለሊሴ ፌስታሉን ለሻንቆ አቀበለችና ከትከሻዋ ላይ ነጠላዋን ገፈፈች። ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሣ የሳሳ፣ ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላ ነው።

«ይኼን ቁረጪና ስፊላት» አለች። «አሮጌ ነው። ማንንም አይጎዳም።»

*

ነገሩ ከዚያ በኋላ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። የከተማው ነጋዴዎች ተሰብስበው መርዝ የጫነ መኪና ላይ ልብስም እህልም ላይጭኑ ቃል ገቡ፤ በጸሎት ቤቱ የሴቶች ኅብረት ለሊሴን ንገሪን ሲሏት ቆማ፣ «አዲስ ልብስ ሳታጥቡ አታልብሱ፤ ከሸተታችሁ ደግሞ አጥባችሁም አታልብሱ፤ መልሱት፤ የሸጠላችሁንም ጠይቁ» ብላ ተቀመጠች። መስከረም ከሆስፒታል ወጥታ የለሊሴን በር ብታንኳኳም ገና አልከፈተችላትም።

ወንደሰን ከታሰረ በኋላ ስንቅ የሚያመላልስለት አልነበረም። ዘመዶቹ አፍረው ቀርተዋል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ለሊሴ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ጣቢያው በር ላይ ቆመች።

ተረኛው ወጣት ፖሊስ ተቁነጠነጠ። ደንቡ ለማንም አይቀርም፤ ለእስረኛ ምግብ ያመጣ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አስቀድሞ ይቀምሳል። ልጁ አንዴ ለሊሴን፣ አንዴ መስኮቱ አጠገብ የቆመችውን አስካለን አየ። አስካለ «ተዋት» ልትለው አፏን ከፈተች።

ለሊሴ ግን ቋጠሮውን ፈታች። ወንደሰን ከግቢው ማዶ ከእስረኞቹ ጋር ተቀምጦ ያያታል። ከሳህኑ ዳር ቆረሰችና ወጡን አጠቀሰች፤ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል አፏ ውስጥ አድርጋ አኘከች፤ ዋጠች።

ወንደሰን አንገቱን ደፋ። ሳህኑን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ለሊሴ...» አለ።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ብላ።»

መጉረስ ጀመረ። እንባው ምግቡ ላይ ይንጠባጠባል። ለሊሴ አልተቀመጠችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። በልቶ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ ባዶ ሳህኗን አንስታ፣ ጨርቁን አጥፋ፣ በበሩ ወጣች።